ከማሳው ጫፍ እስከ ጉማራ

ነሐሴ ላይ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ወረታ ከመድረሱ በፊት የጉማራን ድልድይ ይሻገራል። በዚያ ወቅት ወንዙን ሳያዩት ማለፍ አይቻልም። ወተት የበዛበት ቡና መስሎ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይወርዳል። ግንድ ያንከባልላል፤ ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅሎ ያዞራል። ከጉና ተራራ ግርጌ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ የስንቱን ገበሬ አፈር እንደጠረገ ከመልኩ ይታወቃል።

ከመኪናው ወርዶ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ፣ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አቅጣጫ በእግሩ የሄደ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ገበሬ በግራ ክንዱ ሳፋ ታቅፎ፣ በቀኙ እየዘገነ በጤፉ ላይ ነጭ ፍሬ ይበትናል። ዩሪያ ነው። በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መምጣቱ አይቀርም። ውሃ እንዳይተኛበት ማሳው በፈሰስ ተቀዷል፤ ፈሰሱም ቁልቁል ወርዶ የሚያበቃው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። በሬዎቹ የመጨረሻውን ትልም ያወጡት ከአፋፉ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ነው። በዚያች ሁለት እርምጃ ላይ የቀሩት አንድ ዶቅማ፣ ጥቂት ሰርዶና ፍየል የጋጣት ቁጥቋጦ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ሁለት እርምጃ መሬት ነው። ለዓይን ሥራ ፈት ትመስላለች። ለገበሬውም ያው ናት፤ ወንዙ አንድ ቀን ቆርሶ መውሰዱ ካልቀረ፣ እስኪወስዳት ድረስ ቢበላባት ማን ይፈርድበታል? ከማሳው ወደ ወንዙ ለሚሸሸው ሀብቱ ግን የመጨረሻዋ በር ጠባቂ እሷ ናት። በሯ ሲዘጋና ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማየት ከሳፋው መጀመር ይሻላል።

*

በአንድ ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ለገበሬው ለዓመታት ሲነገረው የኖረው ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነበር። የሁለቱ ናይትሮጅን ሲደመር 64 ኪሎ ይሆናል። ያለ ናይትሮጅን ቅጠል አረንጓዴ አይሆንም፣ ፍሬም አይሞላም። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሁሉ በውስጡ ናይትሮጅን አለበት።

ናይትሮጅን ብርቅ ነገር አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በሦስት ማሰሪያ ተጠፍሮ ስለሚኖር ተክል አይደርስበትም። ማሰሪያውን በተፈጥሮ የሚፈቱት መብረቅና ጥቂት የባክቴሪያ ወገኖች ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ የታወቁት በባቄላ፣ በሽምብራና በምስር ሥር ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ይኖራሉ። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ካነሳ በኋላ በቀሪው እርጥበት ላይ ጓያ ሲዘራ፣ ሳይገዛው ናይትሮጅን ወደ መሬቱ እያስገባ ነው። አያቶቹ የባክቴሪያውን ስም ባያውቁትም፣ ጥራጥሬ ያረፈበት ማሳ በቀጣዩ ዓመት እህል እንደሚሰጥ አሳምረው ያውቁ ነበር።

ሰው ይህን ሥራ ለራሱ የወሰደው ቅርብ ጊዜ ነው። ፍሪትዝ ሀበር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ነገሩን ወደ ፋብሪካ ደረጃ አደረሰው፤ በ1913 ኦፓው በተባለው የጀርመን ከተማ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚመገበው በዚሁ መንገድ በተገኘ ናይትሮጅን በበቀለ እህል እንደሆነ ይገመታል። ከጉማራ ዳር ሳፋ የታቀፈው ገበሬ የዚህ ረጅም ሰንሰለት ጫፍ ላይ ቆሟል። ከረጢቱን የገዛው በብድር ሊሆን ይችላል። የበሬው እበት ደግሞ ማሳው ላይ መውደቅ ሲገባው፣ ማገዶ ስለጠፋ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ነዷል፤ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅንም ከጭሱ ጋር ሄዷል። በአንድ በኩል ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ናይትሮጅን ይገዛል፣ በሌላ በኩል የቤቱን ያነድዳል። በሦስተኛው በኩል ያለው ኪሳራ በውሃ የሚሄደው ነው።

ዩሪያው እርጥብ አፈር ላይ ሲያርፍ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። አሞኒየም ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ ሸክላ አፈር ደግሞ ኔጋቲቭ፤ ስለዚህ አፈሩ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ነገር ግን አሞኒየምን ወደ ናይትሬት በመለወጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ለይቶ ያወጣቸው እነዚህ ፍጥረታት አየር ባለበት አፈር ሁሉ ይገኛሉ። ናይትሬት ቻርጁ እንደ አፈሩ ኔጋቲቭ ስለሆነ የሚይዘው የለም። እንደ ጨው ይሟሟል፤ ውሃው በሄደበት ይሄዳል። በዓለም ደረጃ ሲታይ ሰብል ከተሰጠው ናይትሮጅን የሚጠቀመው በአማካይ ግማሽ ያህሉን ነው። የቀረው ወይ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ወይ አፈር ውስጥ ይቆያል፣ ወይ ከክረምቱ ውሃ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል።

የሰረገው ውሃ የትም አይጠፋም። ከሥር ጠንካራ ንብርብር ሲያገኝ ወደ ጎን ይታጠፍና በአፈሩ ውስጥ በዝግታ፣ በቀን ምናልባት ስንዝር ወይም ክንድ እየተራመደ፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያመራል። ዝቅተኛው ቦታ ወንዙ ነው። ጥር ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል ጉማራ የማይደርቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ በበጋ የሚፈሰው ውሃ ክረምት ላይ በማሳዎቹ ውስጥ ያለፈው ነው። ወንዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን በአንድ ቦታ ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ከዶቅማው ሥር።

*

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ወሽመጥ አጠገብ፣ ዊልያም ፒተርጆንና ዴቪድ ኮሬል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ የበቆሎ ማሳ መረጡ። ማሳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከሥሩ 50 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ደን አለ፤ ከደኑ በታች ትንሽ ጅረት ትፈሳለች። ሥራቸው ሒሳብ መያዝ ነበር። በማዳበሪያና በዝናብ ወደ ማሳው የገባውን፣ በእህል የወጣውን፣ ከማሳው ወደ ደኑ የተሻገረውንና ከደኑ አልፎ ጅረቷ ውስጥ የገባውን ናይትሮጅን አንድ በአንድ መዘገቡ።

በ1984 ያሳተሙት ውጤት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ማሳው ከገባለት ናይትሮጅን 8 በመቶውን ብቻ ሲያስቀር፣ ያ ጠባብ ደን ግን ከደረሰው 89 በመቶውን አስቀረ። ጠባቧ ቁራጭ ጫካ ሰፊው ማሳ ያላደረገውን አደረገች ማለት ነው።

ታዲያ የት ወሰደችው? በእርግጥ ዛፎቹ በሥራቸው ይመጥጡታል። ዛፍ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ለማየት በዚያው አገር በኒው ሃምፕሸር፣ ሀበርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 መጨረሻ ጀምሮ የአንድ ትንሽ ተፋሰስ ዛፎች በሙሉ ተቆርጠው ለሦስት ዓመት እንዳያቆጠቁጡ ተደርገው ነበር። በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት ከ40 ጊዜ በላይ ጨመረ። ማዳበሪያ የጨመረ ሰው አልነበረም፤ ዛፎቹ ይዘውት የኖሩትን መሬቱ ለቀቀው እንጂ። ነገር ግን የዛፍ መምጠጥ ብቻውን የሜሪላንዱን ቁጥር አይሞላውም። ዛፍ የወሰደውን ናይትሮጅን በቅጠሉ መልሶ ይጥለዋል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ከዚያ በታች፣ ጨለማው ውስጥ ነው።

ከወንዝ አፋፍ ላይ አካፋ ይዞ አንድ ክንድ ያህል የቆፈረ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ላይኛው አፈር ቡናማ ነው። ዝቅ ሲል አመድማ ይሆናል፤ በሥሮቹ ዙሪያ ብቻ የዛገ ሚስማር የመሰለ መስመር ይታያል። ሽታውም ይለወጣል። ያ አመድማ ቀለም ኦክስጅን እንደሌለ የሚናገር ምልክት ነው፤ ዝገቱ ደግሞ ሥሩ ትንሽ አየር ይዞ የወረደበት መንገድ። ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሞልቶታል፤ አየር የሚገባበት የለም። ባክቴሪያዎቹ በዚያ ጨለማ ውስጥ የወደቀ ቅጠልና የበሰበሰ ሥር እየበሉ ይኖራሉ።

ምግብ በልቶ ኃይል ለማግኘት ኦክስጅን ያስፈልጋል። ለእኛም ለእነሱም ያው ነው። ልዩነቱ እኛ ኦክስጅን ሲያልቅ እንሞታለን፣ እነሱ ግን ሌላ ያገኛሉ። ናይትሬት ማለት አንድ ናይትሮጅን ከሦስት ኦክስጅን ጋር ነው። ከማሳው የመጣው ውሃ ናይትሬት ይዞ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሲደርስ፣ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን አንድ በአንድ ይነጥቁታል። መጨረሻ ላይ ራቁቱን የቀረው ናይትሮጅን ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ ጋዝ ይሆንና ወደ መጣበት አየር ይመለሳል። ሳይንቲስቶች ይህን ዲናይትሪፊኬሽን ይሉታል። ጠላ የጠመቀች ሴት የጋኑን አፍ አጥብቃ የምትለስነው አየር እንዳይገባ ነው፤ አየር ሲገባ ጠላው ይበላሻል። የሚካሄደው ነገር አንድ ባይሆንም፣ የወንዝ ዳር ጭቃም እንዲሁ የሚሠራው አፉ ሲዘጋ ነው።

ምናልባት ናይትሬቱ አልተወገደም፣ በሌላ ውሃ ቀጥኖ ነው እንጂ የሚል ይኖራል። ተመራማሪዎችም ጠይቀውታል። ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ያምራል፤ ከናይትሬቱ ጋር ክሎራይድን አብረው ይለካሉ። ክሎራይድ እንደ ናይትሬት በውሃ ይሄዳል፣ ባክቴሪያ ግን አይነካውም። ውሃው ቀጥኖ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል ይቀንሱ ነበር። በብዙ የወንዝ ዳርቻዎች የታየው ግን ክሎራይዱ እንዳለ ሆኖ ናይትሬቱ ብቻ ሲጠፋ ነው።

*

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ምክሩ ቀላል ይሆን ነበር፤ በየወንዙ ዳር ዛፍ ትከሉ፣ በቃ። መሬቱ ላይ ያለው ነገር ግን ይህን ያህል ቀና አይደለም።

ጭቃው ናይትሬቱን የሚያጠፋው ውሃው በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ያውም በዝግታ። ውሃው ከሥር በጥልቅ ከሄደ ሥርም ባክቴሪያም አይደርስበትም፤ ከነናይትሬቱ በወንዙ ወለል በኩል ይወጣል። በላይ በኩል ከሮጠም እንዲሁ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዳርቻዎች ጥቅም ያጡት ገበሬዎች ከማሳቸው ሥር ውሃ ማስወገጃ ቱቦ ስለቀበሩ ነው። ቱቦው ከማሳው ተነስቶ በዳርቻው ሥር ያልፍና ውሃውን በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ያፈስሰዋል። ዛፉ ላዩ ላይ ቆሞ ያያል።

እኛ አገር የዚያ ቱቦ ወንድም ፈሰስ ነው። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ ጥቁር አፈር ላይ የሚያርስ ሰው ያለ ፈሰስ ደህና ምርት አያገኝም፤ ውሃ ብዙ የተኛበት ዘር ይበሰብሳል። ስለዚህ ፈሰስን ጥፋት ማለት አይገባም። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ማሳውን አቋርጦ የወረደው ውሃ የተበተነውን ዩሪያ፣ የታጠበውን አፈርና ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን ፎስፈረስ ተሸክሞ፣ ከዶቅማው አጠገብ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ወንዙ ውስጥ ይዘላል። ቀዳዳው በዓመቱ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦር ከተከፈተ ደግሞ ዳርቻው 50 ሜትር ደን ቢኖረውም በሩ ክፍት ነው።

ጊዜም አለ። ዩሪያ የሚበተነው ሰብሉ ሲያቆጠቁጥ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከባዱ ዝናብ የሚወርደውም ያኔ ነው። ከተበተነ ሰዓታት ሳይቆይ የወረደ ዶፍ፣ አፈሩ ይዞ እስኪለውጠው እንኳ ፋታ አይሰጥም። ጭቃው ተረጋግቶ ሥራውን በደንብ የሚሠራው መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ውሃው በዝግታ መሄድ ሲጀምር ነው። የዘርፉ ሰዎች ስለ ወንዝ ዳርቻ ሲነጋገሩ ሥራ የሚበዛባቸውን ቦታዎችና ሥራ የሚበዛባቸውን ጊዜያት የሚለዩት ለዚህ ነው፤ የአንድ ዓመት ሥራ በጥቂት ሜትርና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ያለችውን ጥቂት ሜትር ሳያውቅ ያረሳት ሰው ያጠፋው መሬቷ የምትሰጠውን ጤፍ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነገር ነው።

ሌላም ሊደበቅ የማይገባው ነገር አለ። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን ነጥቀው ሳይጨርሱ ከቆሙ፣ የሚወጣው ጋዝ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ዳርቻው ሁሉንም ኃጢአት የሚያጥብልን መስሎን እንደልብ ማዳበሪያ ብናፈስ ዕዳውን ከውሃ ወደ አየር ማዛወር ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ማሳው ላይ ነው፤ ሰብሉ በሚፈልገው ልክና በሚፈልገው ሰዓት መስጠት።

*

ናይትሮጅን ሁልጊዜ ቁልቁል ብቻ አይሄድም። ጉዳዩን ስከታተል ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ይህ ነው።

አላስካ ውስጥ ሳልመን የሚባለው ዓሣ ዕድሜውን ውቅያኖስ ውስጥ አሳልፎ፣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ተወለደበት ጅረት ይወጣል፤ ከዚያም ይሞታል። ድብ እየጎተተ ጫካ ውስጥ ይበላዋል። የባሕር ናይትሮጅን ከየብሱ የሚለይበት ምልክት ስላለው ተመራማሪዎች ዛፎቹን መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ ዓሣ በሚወጣባቸው ጅረቶች ዳር ባሉ ዛፎች ቅጠል ውስጥ ከነበረው ናይትሮጅን ሩብ ያህሉ ከዓሣው የመጣ ሆኖ ተገኘ። ወደ እኛ ቀረብ ሲል ደግሞ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በሚፈሰው ማራ ወንዝ 4,000 የሚሆኑ ጉማሬዎች ሌሊት ሣር ሲግጡ አድረው ቀን ውሃው ውስጥ ይተኛሉ፤ በየቀኑ 36 ቶን የሚመዝን እበት ከሜዳው ወደ ወንዙ ያወርዳሉ። ጣና ላይ ያሉት ጥቂት ጉማሬዎችም በመጠን ያነሰ ይሁን እንጂ ሥራቸው ይኸው ነው።

ጉማራም የራሱ ሽቅብ ተጓዦች አሉት። ባርባስ ከሚባለው ወገን የሆኑና ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዓሦች፣ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ተነስተው ወንዙን ወደ ላይ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና አየር ያለው ውሃ ነው፤ እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። በመንገዳቸው ያገኛቸው አሞራና ሰው ሐይቅ ውስጥ የተሠራ ሥጋ ወደ የብስ ያወጣል። ወንዙ ራሱም ይመልሳል። ጉማራና ርብ በየክረምቱ ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኙ የሚያራግፉት ደለል ከላይ የታጠበ አፈር ነው። ደራና ፋርጣ ያጡትን ፎገራ ያርሰዋል። የሜዳው ልምላሜ፣ ሩዙም፣ በስሙ የሚጠሩት የፎገራ ከብቶችም ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስለዚህ ወንዝና የብስ ድንበር የላቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርታ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ናት፤ መሬት ላይ ግን ክረምት የሚሰፋ በጋ የሚጠብ፣ የሚሰጥና የሚቀበል ሰፊ ዳርቻ ነው። ያንን ዳርቻ ማሳ ወይም ወንዝ፣ ከሁለቱ አንዱን ሁን ብለን ስናስገድደው ነው የሚበላሸው።

*

ጉማራ የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈው ጣና ላይ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አይዘልም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጎድጓዳ ያልሆነ ውሃ የመጣለትን ሁሉ የሚደብቅበት ጥልቅ ሆድ የለውም፤ የተቀበለውን ቶሎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል እምቦጭ የተባለው አረም ታየ። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ማዳበሪያ አልፈጠረውም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የጠገበ ውሃ ግን ያወፍረዋል። ከየማሳው የታጠበው ምግብ ሐይቁ ዳር ማዕድ ሆኖ ቀረበለት።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ነቅሎ ወጣ። በወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው እየመዘዙ የሚያወጡትን ገበሬዎች ሥዕል ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ያ ድካም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት፤ የተነቀለ እምቦጭ ሐይቁ ዳር ተከምሮ ከበሰበሰ፣ የያዘው ናይትሮጅን በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከውሃው ርቆ ብስባሽ ሆኖ ማሳ ላይ ሲወድቅ ነው የተሰረቀው ንብረት ለባለቤቱ የተመለሰው።

ጣና ድሮ የራሱ በር ጠባቂ ነበረው፤ ደንገል። ደንገሉ፣ ፊላውና ቄጤማው በወንዞቹ መግቢያ ላይ ሰፊ አጥር ሠርተው፣ የሚመጣውን ውሃ አዘግይተው፣ ደለሉን አስቀምጠው፣ ናይትሬቱን ከሥራቸው ባለው ጭቃ ውስጥ አስጨርሰው ነበር ወደ ሐይቁ የሚያሳልፉት። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ደንገል ነው፤ ዛሬ ደንገል ፍለጋ ሩቅ መሄድ ግድ ሆኗል። ፎገራ ውስጥ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ነበሩ፤ በበጋ ውሃቸው በሞተር ለሽንኩርት እየተሳበ፣ ዳራቸው እየታረሰ ጠበቡ። እያንዳንዱ ሰው ያደረገው ለቤተሰቡ የሚበጀውን ነው። የተደመረው ግን የሐይቁ ኩላሊት መቆረጥ ሆነ።

ቄጤማን ካነሳሁ አንድ ትዝታ ልጨምር። ልጅ ሳለን ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከጨፌው ቄጤማ አጭደን የምናመጣው እኛ ነበርን፤ እናቴ ወለሉ ላይ ስትጎዘጉዘው ቤቱ ወንዝ ወንዝ ይሸት ነበር። ያን ጊዜ የማላውቀውን ዛሬ አውቃለሁ። ቄጤማው ክረምቱን ሙሉ ከማሳ የመጣውን ናይትሮጅን ሲጠጣ ከርሞ፣ ልክ ወፍሮ ሳለ እናጭደዋለን፤ ናይትሮጅኑን ከረግረጉ አውጥተን እንወስዳለን። ሥሩን ሳይነኩ ማጨድ ረግረጉን አይጎዳም፤ እንዲያውም ቦታ ይለቅቅለታል። የሚጎዳው ረግረጉን አንጣፍፎ ማረስ ነው።

በዚህ መንገድ ማሰብ የገበሬውንም ጥያቄ በከፊል ይመልሳል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚሆንበትና ብዙው ሰው ከዚያ ባነሰ መሬት በሚኖርበት አገር፣ 100 ሜትር የወንዝ ዳር ያለውን ሰው 10 ሜትር ስፋት ልቀቅ ማለት አንድ አሥረኛ ሄክታር፣ ማለትም የጥማድ ግማሽ የሚጠጋ መሬት ስጥ ማለት ነው። ግማሽ ሄክታር ብቻ ላለው ሰው አምስተኛ እጁ ነው። ያ መሬት ግን ባዶ መቀመጥ የለበትም። የዝሆን ሣር ወይም ዴሾ ሣር ይበቅልበታል፤ እየታጨደ ለከብት ይሰጣል፤ በየአጨዳው ከማሳው ያመለጠው ናይትሮጅን ወደ ግርግሙ ይመለሳል። ከሣሩ በታች፣ አፋፉ ላይ፣ ሾላ፣ ዶቅማ፣ ዋንዛና አሃያ አፈሩን በሥራቸው ይይዛሉ፤ ቅጠላቸው ለባክቴሪያዎቹ ስንቅ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ጭቃውንም መጥጦ ያደርቃል። ኦክስጅን የገባበት ደረቅ ጭቃ ደግሞ ናይትሬት አያጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ ከጤና ጋር ይያያዛል። ከማሳና ከከብት በረት በታች የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ናይትሬት ሊሰበስብ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ናይትሬት ያለበት ውሃ፣ ዱቄት ወተት በእሱ የሚበጠበጥላቸውን ጨቅላዎች ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ነው። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይበልጥ ይጠነክራል።

*

መስከረም አጋማሽ ላይ ጉማራ መቅለል ይጀምራል። ጤፉ አሽቷል። ፈሰሱ ደርቆ አፉ ላይ አዲስ ገደል ቆርጧል፤ የዶቅማው ሥር ግማሹ ወንዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ለመጪው ክረምት መዘጋጀት የሚቻለው አሁን፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው።

ለቀበሌ የግብርናና የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎች፦ ገበሬውን ዳሩን ተወው ከማለታችሁ በፊት የሣር ዘሩንና ችግኙን ይዛችሁለት ሂዱ፤ የለቀቀውም መሬት በደብተሩ ላይ በስሙ ይቆይለት። የሣሩ ባለቤት እሱ መሆኑን አውቆ ይትከል። ለችግኝ ጣቢያዎች፦ ለወንዝ ዳር የሚሆነውን አገር በቀል ችግኝ ከባሕር ዛፉ ለይታችሁ አፍሉ። ወንዝ ዳር ለምታርሱ ወንድሞችና እኅቶች፦ ዝናብ በአፍንጫው በቆመበት ሰዓት ዩሪያ አትበትኑ፤ ፈሰሱንም ወንዙ ውስጥ አትጨርሱት። አፋፉ አሥር እርምጃ ሲቀረው አፉን አስፍታችሁ ሣሩ ላይ ልቀቁት።